ነጯ መስመር ጋ አልደረሰም

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ፣ እመሰክራለሁ ብዬ ስለተሳልኩ ነው ምጽፈው። የደሴ ልጅ ነኝ። እማዬ ግንባሯ ላይ ከቅንድቧ ከፍ ብሎ ሽንብራ የምታክል እብጠት ወጣባት፣ አታማትም አታሳክካትም፣ እኛም ብጉንጅ ነው ብለን ሁለት አመት ዝም፣ ከዛ አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ቀደው ሊያፈርጡት ሞከሩ፣ መግል የሚባል የለም፣ ጭራሽ ወፍራ ተመለሰች።

ሪፈር ተጽፎልን ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ስንል ጎረቤታችን ሐጃ ቡና አፍልተው ዱዓ አረጉልን፣ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። እኔ ደግሞ መኪናው ውስጥ እስክንደርስ አንዲት ጸሎት ብቻ ነው የደጋገምኩት፣ ግሸን ማርያም እናቴ ይጥፋላት አልልሽም፣ አጥንቷ ጋ ብቻ አይድረስ፣ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።

አልትራሳውንድ ትነሳ ሲባል እማዬ "በዚህ እድሜዬ አርግዘሻል ሊሉኝ ነው?" ብላ ነርሷን ሁሉ አሳቀች። እኔም እውነቱን ለመናገር ለእርጉዝ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ዶክተሯ ስታስረዳኝ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚያየው፣ ይሄኛው የድምፁ ድግግሞሽ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ውስጥ ርቆ አይገባም፣ ቆዳን ግን በሚሊሜትር ለይቶ ያሳያል። ጄሉን ቆለል አድርጋ ሳትጫን አሳረፈችው፣ ከተጫንኩ ቀጫጭኑ የደም ስር ተዘግቶ አይታየኝም አለች።

እስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር መጣ፣ ከላይ ሽንብራ የምታክለው ለካ ከስር እንደ ጣት ጣት ሆና ወደ ጎን ተዘርግታለች፣ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ ሲል ደም ነው የሚዘዋወረው አለችኝ፣ ወገቤ ቁርጥ አለ። ከዛ በጣቷ እያሳየችኝ "ከስር ያቺን ነጭ መስመር አየሻት? አጥንቷ ናት። ጥቁሩ አልነካትም።" ማንም አጥንት ብሎ አልጠየቃትምኮ! የአንገቷንም እጢዎች አይታ ደህና ናቸው አለች። እዛው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፣ ይሉኝታ የለ ምን የለ።

አልትራሳውንድ ስሙን አይነግርም፣ ተቆርጦ የተላከው ናሙና ነው የነገረን፣ ዴርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ። ይሄን ለመጥራት ራሱ ጸሎት ያስፈልጋል። ብርቅ የቆዳ ካንሰር ነው፣ ፊት ላይማ ይበልጥ ብርቅ፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ርቆ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው፣ ግን ስሩ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል። ለዛ ነው ኦፕራሲዮን ሳትገባ በአልትራሳውንድ እያዩ ዳርዳሩን በእስክሪብቶ ያሰመሩላት። ሰፋ አድርገው አወጡት፣ ከጭኗ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት፣ የተቆረጠው ሲመረመር ዳሩ ንጹህ ነው ተባለ።

ጸበል ይበቃት ነበር ያላችሁኝ አላችሁ፣ ጸበሉንም ተጠምቃለች፣ እኔ ሁለቱን አላጣላም።

ክትትሏን አላቋረጠችም፣ እስካሁን ሰላም ነች። ጃንጥላው ተገዝቶ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ለመስከረም 21 ግሸን ይዘነው እንወጣለን። ግማሹን ብር ሐጃ ናቸው የከፈሉት፣ አይሆንም ብላቸው ተቆጡኝ።