ጠበሉ በየት በኩል ይሂድ?

ዛሬ ጥር 10፣ እዚህ ጎንደር ከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሰው ነጭ ለብሶ ታቦቱን ለማጀብ ሲወጣ እኔ ሻንጣ ለመሙላት ቤት ቀረሁ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ የከበሮው ድምፅ ከወደ ቀሐ ወንዝ በኩል ይሰማኛል፤ በሰማሁት ቁጥርም ልቤ ቅር ይለዋል። አምና በረራዬ ጥር 14 ስለነበር በዓሉን ጠግቤ፣ እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ፣ ከዚያ በኋላ ነበር ዕቃዬን የሸከፍሁት። ዘንድሮ ግን ከጥር 12 ውጭ መቀመጫ አልተገኘም። የየብሱ መንገድ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ በአውቶቡስ ይመላለስ የነበረው ሰው ወደ አየር ዞሯል፤ ለጥምቀት የመጣው እንግዳም በእነዚያው ጥቂት ቀናት መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ በሚመለስበት ቀን እኔ አዲስ አበባ እሆናለሁ ማለት ነው።

ትኬቱን ደጋግሜ አነበብሁት። ጃንዋሪ 20፣ 08፡10 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 12፣ ከጠዋቱ 2፡10 መሆኑ ነው። ይህን ያህል የምጠነቀቀው እህቴ ካቻምና የደረሰባትን ስለማልረሳ ነው። እርሷም ጃንዋሪ 20ን ጥር 12 ነው ብላ ቆረጠች፤ ነገር ግን 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረችው በ2016 ጥምቀት የዋለው ራሱ ጃንዋሪ 20 ላይ ነበር። ልጅቱ ስትናፍቀው የከረመችውን በዓል በሰማይ ላይ አሳለፈችው። ዛሬም ድረስ ያ ቀን ሲነሳ ዝም ትላለች።

ሰዓቱንም ወደ ኋላ እየቆጠርሁ አሰላሁት። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በበዓል ሰሞን መንገድ ይዘጋል፣ ባጃጅም እንደ ልብ አይገኝም። ከሌሊቱ 10፡30 ከቤት መውጣት እንዳለብኝ ደመደምሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቷል፤ ሌሊቱን ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር የሚያነጋ ልጅ በሰዓቱ እንዲመጣ መጠበቁ ግን ይከብደኛል።

ሻንጣው ራሱ ብዙ አላስቸገረኝም። ከታች ካለው ሱቅ የእጅ ሚዛን ተውሰን መዘንነው፤ ከተፈቀደው አራት ኪሎ በለጠ። ሽሮውን ትቼ በርበሬውን ያዝሁ፤ ሽሮ እዚያም ይገኛል፣ የእናቴ እጅ ያለበት በርበሬ ግን አይገኝም። ቅቤውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርበን አሰርነው። የስልኬን ተጨማሪ ባትሪ አውጥቼ በእጅ ቦርሳዬ አደረግሁት፤ እንዲህ ያለ ባትሪ እሳት ቢያስነሳ ሰው አይቶ እንዲያጠፋው እንጂ ከታች በጭነት ክፍሉ ተደብቆ እንዲነድ አይፈቀድም።

ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ ብዬ ዚፑን ልዘጋ ስል እናቴ ሁለት የታጠቡ ሃይላንዶች ይዛ ገባች።

«የአክስትሽን ነገር እንዳትረሺ» አለችኝ።

አልረሳሁም ነበር፤ ግን አላሰብሁበትም ነበር። አክስቴ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ እግሯ ከታመመ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጥምቀት አልመጣችም። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ማርም ቅቤም እንደማትፈልግ ነግራኝ፣ ከባሕሩ ውኃ ብቻ እንዳመጣላት በቀስታ ድምፅ ለመነችኝ። ነገ ንጋት ላይ ከቀሐ ወንዝ ተጠልፎ የገባው ውኃ ይባረካል፤ ካህናቱ ይረጫሉ፣ ወጣቱ ዘሎ ይገባል፣ እኔም ሃይላንዶቹን ሞልቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ የት ይቀመጥ?

«በሻንጣ አደርገዋለሁ» አልኋት።

«ጠበል ከጫማ ጋር?»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ደግሞም ልክ ናት፤ እርሷ ጠበል የያዘ ዕቃ መሬት ላይ እንኳ አታስቀምጥም፤ የተረፈውንም ሰው የማይረግጠው ቦታ ፈልጋ ከዛፍ ሥር ታፈስሰዋለች። በእጄ ይዤው እንድሄድ ትፈልጋለች፤ ጭኔ ላይ ይዤው። እኔ ደግሞ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የታሰበው ሴራ ከተደረሰበት ወዲህ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ መደረጉን አስረዳኋት። የአገር ውስጥ በረራ ቢሆንም ፈታሹ ሊትር ሙሉ ውኃ አይቶ ያሳልፈኛል ብዬ ልተማመን አልችልም። ጫማዬን ሁሉ አውጥቼ በሌላ ከረጢት ላደርግ፣ ጠበሉንም በአዲስ ነጠላ ጠቅልዬ በሻንጣው መካከል ላስቀምጥ እችላለሁ አልኋት። ጥቂት አሰበችና ክዳኑ አየር ላይ ቢፈነዳስ፣ ከበርበሬው ጋር ቢቀላቀልስ አለችኝ።

ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። በአውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ በተለምዶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አይወርድም፤ ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል አጠገብ የታሸገ ጠርሙስ ቢወጣጠር ያስኬዳል፤ እዚህ የታሸገ ውኃ ግን ከለመደው ከፍታ እምብዛም አይርቅም። ክዳኑን አጥብቄ በፕላስተር ብዞርበት አንድ ጠብታ አይወጣም። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ፤ «ታዲያ እንደ እኛው ደገኛ ነዋ» አለች፤ እኔም ስለ ግፊት ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልቻልሁም።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወጥታ ከደጃፉ ተመለሰችና ጠየቀችኝ፦ «በእጅ የያዘ ሰው አይቻልም ሲባል፣ ያን ውኃ የት ነው የሚደፉት?»

አላውቅም። ብዙ ጊዜ በፍተሻ አልፌያለሁ፤ ከመውጫው አጠገብ ባለው ቅርጫት ውስጥ ግማሽ የተጠጡ ሃይላንዶች ተከምረው አይቻለሁ፤ ከእነዚያ መካከል ጠበል ይኖር ይሆን ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብሁም። ከላሊበላ፣ ከአክሱም፣ ከዚህም ከእኛ ከተማ የሚመለስ ሰው ለታመመ ዘመድ ይዞ ሲሄድ እኮ ውኃው ከሌላው ውኃ በመልኩ አይለይም። ጠበል ነው ብዬ ብናገር ፈታሹ፣ ምናልባትም ራሱ ነገ ሲረጭ የሚያመሽ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ምን ያደርግ ይሆን? ሕጉን ያክብር ቢባል ይደፋዋል፤ ጠበሉን ያክብር ቢባል ያሳልፈኛል፤ ሁለቱንም ላክብር ካለ መቼም ከዛፍ ሥር ሊያፈስስልኝ ከሥራው ተነስቶ አይወጣም።

ሃይላንዶቹ መስኮቱ ላይ ተደፍተው እየደረቁ ናቸው። ጫማዎቼን ከሻንጣው አውጥቻለሁ፤ አንዱን ሃይላንድ በዚያ ላደርግ፣ ሌላውን ደግሞ እናቴ እንዳለችው በእጄ ልያዝ እያልሁ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። የተቀደሰ ነገርን አንድ ሰው ፊት አቅርቤ «ድፋው» ወይም «እለፊ» እንዲል ማስገደድ ለእኔ ይገባኛልን? ንጋት ሊሆን ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል፤ ሻንጣው ገና አልተዘጋም።