ፀሐይ ብቻውን ወይን ጠጅ አይጠምቅም

የጣሊያን ደሴቶች ወይን ጠጅ በተነሣ ቁጥር «ፀሐዩ ነው እንዲህ የሚያጣፍጠው» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዚያ የምትቀርበው ትንሿ የእሳተ ገሞራ ደሴት ፓንቴለሪያ ፀሐይ አያንሳትም፤ ገበሬዋን የሚያስጨንቀው ነፋሱ ነው። ስለዚህ ዚቢቦ የተባለውን የወይን ዝርያ ሲተክል መሬቱን እንደ ሳህን አጎድጉዶ ግንዱን እዚያ ውስጥ ያሳርፈዋል፤ ተክሉም ሽቅብ ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን እየተንሰራፋ፣ ነፋሱን በላዩ እያሳለፈ፣ በጎድጓዱ በተጠራቀመችው ጥቂት እርጥበት ያድጋል። ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ አተካከል ለማሽን የማይመች በመሆኑ፣ ሠራተኛው ከግርዘት እስከ ለቀማ ጎንበስ እንዳለ ይውላል።

ያም ሆኖ ከዚያው ዝርያ፣ ከዚያው ፀሐይ ሥር፣ ጣፋጭነት የሌለውና አበባ አበባ የሚሸት ነጭ ወይን ጠጅም ይጠመቃል። ፓሲቶ የሚባለውን ጣፋጩን የሚለየው ከለቀማ በኋላ ያለው የሰው ውሳኔ ነው። በነሐሴ ቀድሞ የተለቀመው ፍሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለሳምንታት ይደርቃል፤ ቆይቶ የተለቀመው ተጨምቆ መፍላት ሲጀምር፣ ዘቢቡ ከዘለላው በእጅ እየተነጠለ ይጨመርበታል። እርሾውም ያን ሁሉ ስኳር መጨረስ ስለሚያቅተው፣ መፍላቱ ጣፋጩ ሳያልቅ ይቆማል። ስቀምሰው መጀመሪያ የደረቀ አፕሪኮትና ማር ይሸተኛል፤ ከዚያ ምላስን የሚያነቃ ኮምጣጣነት ይከተላል፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ከአንድ መለኪያ በላይ አይወርድልኝም ነበር።

የእሳተ ገሞራው ተራራ ኤትና ደግሞ በራሷ በሲሲሊ ላይ ሆኖ ሌላ ዓለም ነው። ከፍታ በሰብል ላይ ምን እንደሚያደርግ ለደጋ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ በተራራው ተዳፋት እስከ 1,000 ሜትር ገደማ የሚበቅለው ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለው የወይን ዝርያ ቀን እየሞቀው፣ ሌሊት እየበረደው ዘግይቶ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን አይለቅም። ወይን ጠጁም ቀይ ቢባልም ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ አፍን ግን ጨበጥ የሚያደርግ ነው። በአዲስ የኦክ በርሜል ረጅም ጊዜ የቆየውን ስቀምስ እንጨቱ ዝርያውን ሸፍኖት ስለማገኘው፣ በትልልቅና አሮጌ በርሜሎች የሚያቆዩትን ጠማቂዎች እመርጣለሁ፤ ዋጋቸው ሁልጊዜ ባይቀመስም።