ሐሮማያና አዴሌ ዳር ለማደር፦ ድንኳን፣ መንጠቆና የጭቃው ነገር

ከድሬዳዋ ተነስቶ ሐይቅ ዳር ማደር ለፈለገ ሰው ሩቅ አገር መሄድ የለበትም። የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ አዴሌ፣ ቀጥሎ ሐሮማያ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቁ ያገኛቸዋል። የሚያስቸግረው ዳርቻቸው ባለበት አለመርጋቱ ነው። ሐሮማያ በ1990ዎቹ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው ውሃ፣ ለሐረር ከተማ ይሄድ የነበረው ውሃ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለል ተደማምረው ነው ያደረቁት። በ2010ሮቹ ውሃው ተመለሰ። ዛሬም ቢሆን መስከረም ላይ ውሃ የተኛበት ቦታ መጋቢት ላይ ጭቃ ሊሆን ይችላል። የአምና ፎቶም ሆነ የስልክ ካርታ ዳርቻው የት እንዳለ አይነግራችሁም። መኪናው የት ይቁም፣ ድንኳኑ የት ይተከል፣ ዓሣው የት ይያዝ የሚለው ሁሉ የሚወሰነው እዚያው ደርሶ በዓይን አይቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለለው በደረቀው ደለል ነው። ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ይሰነጣጠቃል፣ ግራጫ ይሆናል፣ ሰው ሲሄድበት እግር አይሰምጥበትም። መኪና የሚችል ይመስላል። ከቅርፊቱ ሥር ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያጣብቅ ጭቃ አለ። ከአስፋልት ወጥታችሁ ወደ ውሃው ከመንዳታችሁ በፊት አንዳችሁ ውረዱና የድንኳን ካስማ በእጅ ብቻ እየገፋችሁ በየአሥር እርምጃው ሞክሩት። ከአንድ ስንዝር በላይ ያለ መዶሻ ከገባ መኪናው እዚያ አይደርስም። ሰርዶ ሥር ሰዶ የተኛበት መሬት አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። የከብት ኮቴ ጎድጉዶ ውሃ ያቆረበት ግን ምንም ቢደርቅ ይቅርባችሁ።

መኪናው ከሰመጠ ነዳጅ መርገጥ የበለጠ ይቀብረዋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ቅርፊቱን ሰብሮ ለራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ አንሱ። ጎማው 32 ፒኤስአይ ከነበረ ወደ 18 አውርዱት፤ ሲለሰልስ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ይጨምራል። ጆንያ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉለት፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ። ሌላ መኪና ሲጎትት ገመዱ መታሰር ያለበት ሻንሲው ላይ ካለው መንጠልጠያ ነው፤ መከላከያው ላይ ከታሰረ ተነቅሎ ሰው ይመታል። በረገበ ጎማ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል፣ ስለዚህ በእግር የሚነፋ ፓምፕም ቢሆን ያዙ። ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ ነው።

ደንገጎ ሌላ ጣጣ አለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐይቆቹ 2,000 ሜትር ላይ፤ ልዩነቱ በአጭር መንገድ፣ በጠመዝማዛ ነው የሚወጣው። የተጫነ አሮጌ መኪና የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ሲል ኤሲውን አጥፍቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ማርሽ ቀንሶ ይውጣ። ራዲያተር በግለቱ አይከፈትም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። በምሽት አትንዱ። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚወጡት አይሱዙዎች ገበያ ሳያልፍባቸው ለመድረስ ነው የሚበሩት፣ ኩርባ ላይ ቦታ አይለቁም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢም በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ምክንያት መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ለድንኳን ደህናው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ውሃው ገና ብዙ ነው። የድሬ ሰው በሽርጥና በቲሸርት ወጥቶ ሌሊቱን በብርድ የሚያልቀውም በዚሁ ወቅት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ 5 ዲግሪ እና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነው የሚወርደው፣ እሱም የሐይቁ ዳር ነው። ድንኳኑን ከውሃው ጥግ አንስታችሁ አሥር ሜትር ያህል ከፍ ያለ ተዳፋት ላይ ብትተክሉት ብርዱም ጤዛውም ይቀንሳል። ከላይ ከሚደረብ ብርድ ልብስ ይልቅ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ይበልጣል፤ ሙቀት የሚወስደው መሬቱ ነው። የድንኳኑን መተንፈሻ አትዝጉ፤ ከተዘጋ የትንፋሻችሁ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ጋቢያችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይገባም። ሽታ የሌለው ጭሱ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ባለቤት የሌለው መሬት እዚያ የለም። ባዶ የሚመስለው ሜዳ እንኳ የአንዱ ግጦሽ ነው፣ ጎኑ ጫት ነው፣ ጫት ደግሞ ሌሊት ይጠበቃል። በጨለማ ባትሪ ይዞ በማሳ መሀል የሚዘዋወር እንግዳ ሌባ ተብሎ ነው የሚያዝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሳችሁ ቀበሌውን አሳውቁ፣ ከዚያ የመሬቱን ባለቤት ፈልጉ። አዛውንቱን «ኦቦ» (በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ነው) ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና እስከ መቼ እንደምትቆዩ በግልጽ ተናገሩ። እሳቸው የሚመርጡላችሁን ወጣት ለጥበቃ ክፈሉት። ከውጭ ይዛችሁት ከመጣችሁት ዘበኛ ይልቅ ጎረቤቱ የሚያውቀው ልጅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዓሣው። የደረቀ ሐይቅ ውሃው ስለተመለሰ ብቻ ዓሣው በዚያው ልክ አይመለስም፤ መጀመሪያ ዳር ላይ መረብ የሚጥሉትን ምን እየያዙ እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ አካባቢ የሚጠበቁት ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና አምባዛ ናቸው። «ዓሣ ማለዳ ነው» የሚለው ልማድ እዚህ ለቆሮሶ አይሠራም። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ይቀንሳል። በዚህ ከፍታ ሌሊቱን ያደረ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ ጥልቀት የሌለውን ዳር እስክታሞቅ፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ፣ ተረጋግታችሁ ቁርስ ብሉ። ጥሩው ጊዜ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር፣ ከ6 እስከ 8 ቁጥር ትንሽ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ጥቂት እርሳስ፣ ከላይ ቡሽ። አፉ ትንሽ ስለሆነ በትልቅ መንጠቆ ምግቡን ሰርቆ ይሄዳል። ማጥመጃው የመሬት ትል ወይም ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሊጥ ነው፤ ሊጡ ውሃ ውስጥ እንዳይበተን ትንሽ ጥጥ አብሮ ይታሽ። መጠኑ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥ። ቡሹ ሲርገበገብ አትሳቡ፣ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰጥም ብቻ በእጅ አንጓ ቀልጠፍ ብላችሁ አንሱ። ስትይዙት ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ እያሻሻችሁ የጀርባውን እሾህ አስተኙ፣ አለበለዚያ መዳፍ ይወጋል። አፉን ከፍታችሁ እዩ። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ ቢጫ ፍሬ ከታያችሁ ሳትነቀንቁ ወደ ውሃው መልሷት። ከሞት የተመለሰ ሐይቅ ላይ እናቲቱን መውሰድ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ መውሰድ ነው፣ በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር ደስ ይለኛል።

አምባዛ ከመሸ በኋላ ነው። 0.40 ክር፣ ትልቅ መንጠቆ፣ እርሳሱ ከብዶ ከታች የሚቀመጥ፤ ማጥመጃው የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት። አምባዛ አየርም ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ለሰዓታት ይቆያል፣ ስለዚህ ራሱን በዱላ መትቶ መግደል ለእሱም ይሻለዋል፣ ለናንተም። የጎን እሾሁ ተቆልፎ ይቆማል፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ ያዙት። የጭቃ ሽታው ከቆዳውና ከሆድ ስቡ ስለሆነ ሁለቱንም ገፍፋችሁ በጨውና በሎሚ እሹት። ሎሚውን ከድሬ፣ ከቀፊራ ገበያ ይዛችሁ ውጡ። ሆዱን ስትከፍቱ ሐሞቱን እንዳትወጉ፤ የፈሰሰበት ሥጋ ታጥቦም ምሬቱ አይለቅም።

የሚጠጣ ውሃ ከድሬ በጀሪካን ይሄዳል፣ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ለመጠጥና ለማብሰል። የሐይቁን ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ከጫት ማሳ ታጥቦ የሚገባውን ፀረ ተባይ ግን አያወጣውም። በ2,000 ሜትር ውሃ 93 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ለእጅ መታጠቢያና ለዕቃ የምትጠቀሙበትን ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፍሉት፣ ድንችና ምስርም ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀል። ሳር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ በባዶ እግር አትግቡ፤ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ መኖሪያው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የፕላስቲክ ቦቲ በቂ ነው።

የዓሣ አንጀትና ቅርፊት ተቀብሮ አይቀርም፣ ጅብ ቆፍሮ ያወጣዋል። በደንብ በነደደ እሳት አቃጥሉት። የቆዳ ጫማና ቀበቶ ደጅ አይደር፣ የተጠበሰበት መጥበሻም መኪና ውስጥ ይገባል።

ወደ ድሬ የሚወርድ ዓሣ እዚያው ሆዱ ተከፍቶ፣ ስንጥቡ ወጥቶ፣ ታጥቦ ነው በረዶ ውስጥ የሚገባው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ ከታች በረዶ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ሆዱ ውስጥም በረዶ፣ ከላይ በረዶ። የሳጥኑን የውሃ መውጫ ክፍት አድርጉት፣ በቀለጠው ውሃ ውስጥ የተኛ ሥጋ ይላላል። ዓይኑ ጎድጎድ ካለ ወይም በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ካልተመለሰ አይበላም።