አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ራሴን አሞኝ ከመሥሪያ ቤት ቀደም ብዬ ወጣሁ። የኮንዶሚኒየማችንን አራት ፎቅ ወጥቼ በሩን ስከፍተው ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ደስ አለኝ። በረኪና ከሸተተኝ ቤቱ ጸድቷል ማለት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እማማ (ሳምንት ሁለቴ እየመጡ የሚያጸዱልኝን እናት እንዲህ ነው የምጠራቸው) ሽንት ቤቱን ወልውለው መጨረሳቸው ነበር። ጨርቁን እዚያው ባልዲ ውስጥ ነከር አድርገው ጨመቁና ወደ ኩሽና ሄዱ። የምግብ ጠረጴዛውን ጠረጉበት፤ ቀጥለው የሁለት ዓመት ልጄ የምትበላበትን ወንበር።

አንድም ቃል አልተናገርኩም። «ደከመዎት እማማ፣ ቡና ላፍላ?» ነው ያልኩት። ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛውንም ወንበሩንም በሙቅ ውኃና በላርጎ እንደገና አጠብኩ።

ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እናቴ የምትሆንን ሴት «እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ አያድርጉ» ማለት አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ስለዚህ ለሦስት ወር ያህል እሳቸው ባጸዱ ቁጥር ማታ ማታ እየተደበቅሁ ደግሜ አጸዳ ነበር። አንድ አርብ ነጠላቸውን ረስተው ሲመለሱ ተንበርክኬ ኩሽናውን ስፈትግ አገኙኝ። ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ የኔ ሥራ አይሆንም ማለት ነው?» አሉ። ምን እንደመለስኩ እንኳን አላስታውስም። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ያንን ፊታቸውን ግን አልረሳውም። ዝም ማለቴ ለእሳቸው ክብር ይመስለኝ ነበር፤ በጓዳ ሥራቸውን መሻሬ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ልጄ ታመመች። ተቅማጡ ይሻላታል፣ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ክብደቷም ቀነሰ። በሰገራ ምርመራ ጃርዲያ ተገኘባት። ሐኪሙ የምንጠጣውን ውኃ፣ የእጅ መታጠብ ልማዳችንን፣ ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ተመላላሽ ሠራተኛ እንዳለችን ስነግረው «ሁላችሁም ብትመረመሩ ጥሩ ነው» አለ። እኔ ግን የሰማሁት «እሷ ትመርመር» የሚለውን ብቻ ነበር። በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ፤ ጨርቁን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እማማን ስጠይቃቸው አልተቀየሙም። «ለልጅሽ ከሆነ ሁለቴም እመረመራለሁ» አሉ። የምርመራውን ከፈልኩ፣ ሦስታችንም ሰጠን። የእሳቸው ምንም የለበትም። የባለቤቴም እንደዚሁ። ጃርዲያው የተገኘው እኔ ላይ ነው። ምንም ሕመም ሳይሰማኝ ተሸክሜው ኖሬያለሁ፤ ማታ ማታ የልጄን እራት የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ሐኪሙም ሊነግረኝ አልቻለም። እኔ ግን ያን ቀን ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት መደርደሪያው ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠውን ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። የእማማ ኩባያ። ሲቀጠሩ እኔው ነኝ የለየሁላቸው። በብዙ ቤት አለ ይሄ ኩባያ፤ «ለንጽሕና ነው» እንላለን። ለንጽሕና ቢሆን ኖሮ የኔን ኩባያ ነበር መለየት። በሳሙና የታጠበ ኩባያ ማን እንደጠጣበት አያውቅም፤ ያ ቢጫ ኩባያ ንቀት ነበር፣ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። በማግስቱ ጣልኩትና ከእኛው ብርጭቆ መጠጣት ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ የተማርኩ መስሎኝ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ልጄ ስለታመመች ኃይለኛ ኬሚካል መግዛት ጀመርኩ። በረኪናውን ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ከእሱም ጋር የሽንት ቤት አሲድ ገዛሁ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ስለ አጠቃቀማቸው ምንም አላልኩም። አሲዱ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እማማ ደግሞ አማርኛም ማንበብ አይችሉም። ሁለት ጠንካራ ነገር ቢቀላቀል ይበልጥ ያጸዳል ብለው አንድ ላይ አፈሰሱት፤ መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ። እኔ ሳሎን ነበርኩ፤ የሰማሁት ሳላቸውን ነው። ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ደረታቸውን ይዘው ወጡ። በረንዳ አስቀምጬ ፊታቸውንና ዓይናቸውን በብዙ ውኃ አጠብኩላቸው፣ በሮቹን ሁሉ ከፍቼ ወደ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሳሉ ሁለት ቀን ቆየባቸው።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ኮምጣጤና ሎሚም አሲድ ስለሆኑ ከበረኪና ጋር አይቀላቀሉም፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃም እንደዚሁ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። በሃይላንድ የተቀመጠ በረኪና ደግሞ ለሕፃን ውኃ ነው የሚመስለው፤ ይህን ሳስብ አሁንም እፈራለሁ። አሲዱን ከቤቴ አስወጣሁት፣ በረኪናውን የራሱ መያዣና ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ አደረግሁት። ወፍራም ጓንት ገዛሁ፤ በእሳቸው እጅ ልክ፣ እሳቸውን ይዤ ሄጄ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሠራን ሠራተኛ አይሸፍንም፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛ ጓንት አላት ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ተቆጣጣሪ የለም። ጠያቂው እኔው ነኝ።

ያ ሁሉ ኬሚካል ደግሞ ለጃርዲያው እምብዛም አልጠቀመንም። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ተህዋሲው ከሰውነት ውጭ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚቆይ በረኪና ውስጥ ያለውን ክሎሪን ይቋቋማል። ለሚጠጣ ውኃ አስተማማኙ ማፍላት ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላሉ ቦታዎች፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ መቆየት አለበት። ለእጅ ደግሞ ሳሙናና የሚፈስ ውኃ። የበረኪና ሽታ ስንት ዓመት ሲያረጋጋኝ ኖሯል፤ አረጋጋኝ እንጂ አልጠበቀኝም።

ቁም ነገሩ የገባኝ ግን እማማ እያረፉ ሳሉ ቤቱን እኔው ባጸዳሁበት ማክሰኞ ነው። ፈቃድ ወስጄ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀመርኩ። ለእሳቸው የምተውላቸውን ያህል ውኃ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለራሴ መደብኩ። የእኛ ሕንፃ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ረቡዕ ሌሊት ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሮቶውም ጀሪካኑም ይሞላል፣ ማክሰኞ ሲደርስ ያለችው ጠብታ ናት። እኔ ደግሞ ጠዋት ስወጣ ሁሌ «እማማ፣ ውኃ ይቆጥቡ» ነው የምለው።

ሽንት ቤቱን አጥቤ ጨርቁን ሳለቀልቅ የጀሪካኑ ግማሽ አለቀ። ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቱ ባልዲውን ደፍቼ አዲስ ውኃ ብቀዳ ለኩሽና አይተርፍም። ባልደፋው ያው የሽንት ቤቱን ውኃ ሁሉም ክፍል ማዳረስ ነው። ባልዲውን ይዤ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እማማ በየሳምንቱ እዚህች ነጥብ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ያቆምኳቸውም እኔ ነኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ልብሱን ገና አልነካሁትም። ለእሳቸው ግን ጽዳቱንም፣ ልብሱንም፣ ካውያውንም በአንድ ቀን ነበር የምጠብቀው።

ሲመለሱ ቡና አፍልቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጨርቁን ማየቴን፣ ዝም ማለቴን፣ የማክሰኞውን ባልዲ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ ቤት የሽንት ቤቱ ጨርቅ ውጭ ነው የሚሰጣው። ጓዳ አይገባም። እዚህ አንድ ሰጠሽኝ፣ በአንድ ሠራሁ» አሉኝ። እኔ ላስተምራቸው ነበር የተቀመጥኩት፤ እሳቸው ግን ነገሩን ድሮም ያውቁታል። ያጡት ሁለተኛ ጨርቅ፣ ሁለተኛ ባልዲና ውኃ ነበር፤ «አይበቃኝም» እንዳይሉኝ ደግሞ የእሳቸውም ይሉኝታ አለ።

እዚያው ቡናው ላይ ቀኑን ቀየርን። ዋናው ጽዳትና ልብስ ሐሙስ ሆነ፣ ውኃ በመጣ ማግስት። ሰኞ መጥረግ፣ አቧራ ማንሳትና ካውያ፤ በውኃ የሚነካው ሽንት ቤቱ ብቻ። ለሽንት ቤት ቀይ ባልዲ ገዛን። እኔ ባልዲዎቹ ላይ ልጽፍ ስነሣ የጨርቁን ዘዴ ያመጡት እሳቸው ናቸው፦ የኩሽናው ጨርቅ ካረጀ ነጭ ነጠላ ይቀደድ፣ ነጭ እድፍ አይደብቅም፤ የሽንት ቤቱ ከአሮጌ ጥቁር ሹራብ፣ በክር ከቀዩ ባልዲ ጋር ይታሰር። ሥራው ከኩሽና ይጀምራል፣ ሽንት ቤት መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ እጅ በሳሙና። ጨርቆቹ ታጥበው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይመታቸዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አያድርም።

በረኪናውንም በልክ አደረግነው። ቤት የምንጠቀመው አምስት በመቶ የሚሆነው ነው። ጆሮው የተሰበረ አንድ የቡና ሲኒ ለይተን አንድ ሲኒ በረኪና በዘጠኝ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ እንበጠብጣለን፣ ለሽንት ቤት ብቻ። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ ይቆይና ይታጠባል። የተበጠበጠ አይቀመጥም፤ በማግስቱ ይደክማል። ጠረጴዛና የልጅ ወንበር ላርጎና ውኃ ይበቃቸዋል። ቤቱ አሁን እምብዛም በረኪና አይሸትም፤ መጀመሪያ መጀመሪያ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ያልተስማማንበት የዶሮ ነገር ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ሲያግዙኝ አሥራ ሁለቱን ብልት በጨውና በሎሚ ደጋግመው ያጥባሉ፤ ውኃው ጥርት እስኪል። ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ የሚረጨው ውኃ ጀርሙን ላቫንዲኖው ላይ፣ የታጠበው ሰሐን ላይ፣ ሰላጣው ላይ እንደሚያደርስ ነገርኳቸው፤ የሚገድለው ሙቀቱ እንጂ እጥበቱ አይደለም። «ያልታጠበ ዶሮማ አልሠራም» አሉ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልበላውም። እናም እጥበቱ በሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ ሰሐኑ ከተነሣ በኋላ ሆነ። ሰላጣው ቀድሞ ተሠርቶ ፍሪጅ ይገባል፣ የዶሮው መክተፊያ ለብቻው ነው፣ የሳፋው ውኃ ሽንት ቤት ይደፋል። ሐኪሙ ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለእኛ ግን የሚቻለው ይሄ ነበር።

እሳቸውም አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሁሌ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት፤ እኛ ደግሞ የመንገዱን ጭቃ ይዘን እሳቸው በወለወሉት፣ ልጄ በምትንፏቀቅበት ወለል ላይ እንሄድ ነበር። «እኔ የማጸዳውን እናንተም ጠብቁልኝ» አሉ። አሁን በሩ አጠገብ የጫማ መደርደሪያ አለ።

ውኃው ጭራሽ የማይመጣባቸው ሳምንታት አሉ። ለእነሱም ተስማምተናል፦ ወለል አይታጠብም፣ ልብስ ይቆያል፣ ያለው ውኃ ለእጅ፣ ለሽንት ቤትና ለልጅቷ ወንበር ይሆናል፤ የቀን ሒሳባቸው ግን አይቀነስም። ባለፈው ሐሙስ እንደዚያ ነበር። ሁለት ጀሪካን ብቻ ቀርታን ነበር። እማማ ሽንት ቤቱን በቀዩ ባልዲ አጥበው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጩን ጨርቅ በረንዳ ላይ አሰጡ። ከዚያ ከተረፈችው ውኃ ለጀበናው ቀድተን ቡና አፈላን።