ወንበር ከመቀየራችሁ በፊት ጭነቱን እዩት

ሹፌር ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ወገቤ አለቀ፣ የአየር ወንበር ላስገባ ወይ?» ይላሉ። አስገቡ፣ አልከለክልም። ገንዘቡ ካለ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። «ለመሆኑ ጭነቱን እንዴት አድርገው ነው የጫኑልህ?»

ብዙዎቹ ይስቁብኛል። ጭነትና ወገብ ምን አገናኛቸው ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሃይቤድ፣ በጎታች መኪና በሚሳብ ረጅም የጭነት መደብ፣ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሄድ ሲሚንቶና ፌሮ፣ ስመለስ ጤፍና በቆሎ። አንዱ ቀን ጋቢናው ውስጥ ሻይ ይዘህ አይፈስስም። ሌላው ቀን በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ ከሉማሜ ማርቆስ እስክትደርስ አንጀትህ ይታጠባል። ወንበሩ ያው ነው። ባሌስትራውም፣ ከመኪናው ስር ንዝረቱን የሚያበርደው ተደራራቢ ብረት፣ ያው ነው። የተለወጠው ጭነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሃይቤድ የራሱ የፊት ጎማ የለውም። ፊቱን የሚጥለው በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ላይ ግሪስ የተቀባ ወፍራም የብረት ሳህን አለ፤ ፊፍዝ ዊል የምንለው። በኋላ በኩል አፉ ክፍት ነው። ከሃይቤዱ ሆድ ወደ ታች የወጣው ኪንግ ፒን በዚያ አፍ ይገባና መንጋጋው ይዘጋበታል። የተለመደው ፒን አንገቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለከባድ ሎቤድ፣ ዝቅ ብሎ ከባድ ማሽን ለሚጭነው መደብ፣ የሚሠራ 89 ሚሊ ሜትርም አለ።

ብዙ ሰው ይህን ሳህን መጎተቻ ብቻ አድርጎ ያየዋል። መሸከሚያም ነው። ከተሳቢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድሮ የነዳሁት ተሳቢ በፊትም በኋላም ጎማ ነበረው፣ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ ከፊቱ መኪና የሚፈልገው ጉተታ ብቻ ነው። ሃይቤድ ግን የጭነቱን አንድ ክፍል አንተው ጀርባ ላይ ይጭንብሃል። ስንቱን? ይሄ ነው ጥያቄው። ሁለት ሰው በረጅም ዱላ አንድ ጆንያ ቢሸከሙ፣ ጆንያው ወደ አንደኛው ከተንሸራተተ የማን ትከሻ እንደሚጎብጥ ማንም ያውቃል። ሳህኑ አንደኛው ትከሻ ነው፣ የኋላዎቹ ሦስት የጎማ ረድፎች ሌላኛው።

ሒሳቡን አንዴ ብቻ ታገሱኝ። መደቡ 12 ሜትር ተኩል ነው እንበል። ፒኑ ከፊት ጫፍ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ከፒኑ እስከ ኋላዎቹ ጎማዎች መሐል 8 ሜትር ነው። 320 ኩንታል ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ብትዘረጋ ሳህኑ ላይ የሚያርፈው 110 ኩንታል ነው፤ 210ሩን የኋላ ጎማዎች ይወስዱታል። (የሃይቤዱን ባዶ ክብደት ትቼዋለሁ፣ እሱ አይንቀሳቀስም።) አሁን ያንኑ ጭነት በጠቅላላ አንድ ሜትር ወደ ፊት ግፋው። 320 ለ8 ሲካፈል 40 ነው። አርባ ኩንታል ከኋላ ተነስቶ ሳህኑ ላይ ወጣ ማለት ነው። አንድ ኩንታል አልጨመርክም። በአንድ ሜትር ብቻ አርባ ኩንታል!

ይሄ የሚገርማችሁ ከሆነ የባሰ አለ። ሲሚንቶ ይዤ ግማሹን ማርቆስ፣ የቀረውን እንጅባራ የማራግፍበት ጊዜ አለ። ከዚያው 320 ውስጥ 120ውን ማርቆስ ላይ አወረድን እንበል። ወዛደሮቹ የሚቀናቸው ከኋላ ነው። ስፖንዳው፣ የመደቡ መዝጊያ፣ ይከፈታል፣ መጋዘኑ በር ላይ ያለውን መውሰድ ነው። መኪናው ቀለለ ብለን ደስ ይለናል። ሳህኑ ግን አልቀለለም። ከ110 ወደ 127 ኩንታል ገደማ ወጣ። ምክንያቱም ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ የነበረው ጭነት ፊቱን ወደ ላይ ያነሳው ነበር፤ እሱ ሲወርድ ፊቱ ተደፋ። መቶ ሃያ ኩንታል አራግፈህ የዲፈረንሻል ጎማዎችህ፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው የጎታቹ የኋላ ጎማዎች፣ የባሰ ተጨነቁ። የመንገድ ሚዛን ላይ ደግሞ የሚታየው ጠቅላላው ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ የጎማ ረድፍም ነው። «አራግፌ እኮ ነው የመጣሁት» ብትል የሚሰማህ የለም።

ከፊት ቢያወርዱትስ? ያ ደግሞ ወደ ሌላው ጥግ ነው። ሳህኑ ላይ ከሲሚንቶው የሚቀረው 10 ኩንታል ብቻ ነው። ክረምት ላይ ቡሬን አልፈህ ወደ ቲሊሊ ስትወጣ ታየዋለህ። ዝናብ ነው፣ ዳገት ነው፣ አስፋልቱ ላይ ጭቃ አለ። ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበት ክብደት ስለሌለው ባዶውን ይሽከረከራል። ረዳቴ ታኮ፣ ጎማ ስር የሚገባ ማቆሚያ፣ ይዞ ከኋላ ይሮጣል። ስለዚህ እኔ ማርቆስ ላይ ከፊትም ከኋላም እየቀነሱ እንዲያወርዱ እለምናለሁ። ይነጫነጫሉ። ሻይ እጋብዛለሁ።

ወደ ወገብ ልመለስ። ሳህኑ ከመጠን በላይ ሲጫን ባሌስትራው ተለጥጦ ያልቅና የሚተጣጠፍበት አይቀረውም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ ወደ ሻንሲ (የመኪናው አጥንት)፣ ከሻንሲ ወደ ጋቢና ይመጣል። ሳህኑ ሲቀልም ምቾት የለም። ባሌስትራው የተሠራው ለከባድ ጭነት ነው፣ ባዶውን ሲሆን ድንጋይ ነው። መኪናው ይዘላል፤ ሃይቤዱም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋሃል። ደህና የሚሆነው መሐሉ ነው። መሐሉን ደግሞ ወንበር ሻጭ አይሸጥልህም።

ፍኖተ ሰላም አንድ የጫኝ አለቃ አሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። በቆሎ ስንጭን ሁልጊዜ ከጋቢናው ጀርባ ጀምረው ስድስት ሰባት ከፍ አድርገው ይደረድራሉ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ይሳሳል። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበልልኝ» እላቸዋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ያንተ ሥራ መንዳት ነው። እኔ ይሄን ስጭን አንተ አልተወለድክም።»

«እውነት ነው ጋሼ። ግን ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ።»

«ፊት ካልከበደ መኪና አይጎትትም!»

ግማሽ እውነት አላቸው፣ ለዚህ ነው የማልከራከራቸው። ቅድም ያልኩት የቲሊሊ ዳገት እሳቸውን ይደግፋል። ግን ፊት መክበድና ፊት መታፈን ይለያያል። አሁን ዘዴ አግኝቻለሁ። ሳይጀምሩ ስፖንዳው ላይ በኖራ ምልክት አደርጋለሁ፣ እስከዚህ ድረስ አራት፣ ከዚህ ወዲያ አምስት ብዬ። ምልክት ሲኖር አይጣሉኝም። «ያው እንደ ሰውዬው ምልክት አድርጉለት» ይላሉ።

ባሕር ዛፍ ለብቻው ነው። ከመራዊ አካባቢ አጣና ስንጭን ወፍራሙን ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደርጉታል፣ ስለሚያምርና ለማሰር ስለሚመች። ዛፍ ግን ክብደቱ ከሥሩ ወገን ነው። ርዝመቱ እኩል ሆኖ ስታየው የተስተካከለ ይመስልሃል፣ ጭነቱ ግን ወደ አንድ ወገን አድልቷል። ግማሹን እስር አዙሩት ስል ሥራ ያበዛሁባቸው ይመስላቸዋል። ፌሮ ደህና ነው። 12 ሜትር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ አያታልልም። ፌሮ የሚፈልገው ማሰሪያ ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደ ጋቢናህ እንዳይመጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የሳህኑ የራሱ ቦታ። ከዲፈረንሻሎቹ መሐል ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ብሎ መቀመጥ አለበት። ከመሪ ጎማው እስከ ዲፈረንሻሎቹ መሐል 4 ሜትር ከሆነና ሳህኑ 40 ሳንቲ ሜትር ከቀደመ፣ ከሚያርፍበት ክብደት አንድ አሥረኛው ወደ መሪ ጎማ ይሄዳል። ከ110ሩ 11 ኩንታል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን መሪህን መሬት የሚያስጨብጠው እሱ ነው። ልክ መሐል ላይ ከሆነ መሪው ምንም አይደርሰውም። ከመሐል ወደ ኋላ ካለፈ ፊቱን ያነሳዋል፣ ቁልቁለት ላይ መሪው እጅህ ላይ ይቀላል። እንዲያ ያለ መኪና አባይ በረሃ ይዤ አልወርድም።

አባይ በረሃን የወረደ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ተነስተህ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ አብጧል፣ አንዳንድ ቦታ ሰምጧል። ሳህኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፣ ወደ ጎን ግን አይላላም። መንገዱ ወደ ገደሉ ባዘነበለበት ቦታ ሃይቤዱ ሲያጋድል አንተንም ይዞህ ያጋድላል። ሲሚንቶ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አያሳስበኝም። ከፍ ብሎ የተጫነ ጤፍ ግን ዝግ ያስደርገኛል። በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ነው የሚወረደው። የእግር ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ጎማው ይጨሳል።

ቁልቁለቱ ላይ «ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ ከጀርባህ ከሰማህ፣ እሱ የመንገዱ አይደለም። ፒኑና መንጋጋው መሐል ክፍተት ተፈጥሯል። ማርሽ በቀየርክ ቁጥር፣ ፍሬን በነካህ ቁጥር ይመታሃል። ለወገብ ከጉድጓድ የሚከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ አስፋልት ላይም አይለቅህም። ብዙው ሳህን መንጋጋውን የሚያጠብቅ ማስተካከያ አለው፣ ጋራዥ ያውቁታል። ፒኑን ግን በካሊፐር አስለካው። 50.8 የነበረው አንገቱ 49 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አብቅቶለታል፣ ይቀየር። በመበየድ አበጅልሃለሁ የሚልህ ካለ ከዚያ ጋራዥ ውጣ።

ግሪስም በአግባቡ ነው። የእኛ ረዳቶች በአሮጌው ላይ አዲሱን ይደፉበታል። ከስር ያለው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ አሸዋ ወረቀት ሆኗል፣ ሳህኑን ይበላዋል። ተፍቆ፣ ተጠርጎ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ደርቆ የቆየ ሳህን መሪውን ያከብደዋል። ከርቭ ላይ ሃይቤዱ አልዞርም ብሎ መኪናውን ቀጥታ ይገፋዋል።

ስታያይዙም ለረዳት ብቻ አትተዉት። እኔ ወርጄ ባትሪ ይዤ ከስር አያለሁ። መንጋጋው የያዘው የፒኑን አንገት ነው ወይስ ፒኑ ከላይ ተንሳፍፎ ቆሟል? በሳህኑና በሃይቤዱ ሆድ መሐል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አልገባም። ሃይቤዱ በማቆሚያ እግሩ ከፍ ብሎ ከቆመ እንዲህ ያደርጋል፣ የገባ መስሎ ድምፅም ያሰማል። ከዚያ የሃይቤዱን ፍሬን ይዤ በአንደኛ ማርሽ ሳብ አደርገዋለሁ። ካልተላቀቀ እግሩን አነሳለሁ።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅም ሰሞኑን በዚሁ ነገር ደወለልኝ። ቤት የሚመስል ተጎታች ገዝቶ ልጆቹን ይዞ ሊዞር ነው። እነሱ ጋ ትንሿ ፊፍዝ ዊል በፒክአፕ መደብ ውስጥ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ትታሰራለች። ከተጎታቹ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶው እሷ ላይ እንዲያርፍ ነው የሚፈለገው። በኋላ መከላከያ ስር ባለች የብረት ኳስ የሚጎተተው ዓይነት ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ። ኳሷ ከአክስሉ ኋላ ስለሆነች የመኪናውን ፊት ታነሳለች፣ ለዚያም ክብደቱን ወደ ፊት የሚመልስ የብረት ዘንግ ይጨምሩላታል። የእሱ ጥያቄ «ወንድምዬ፣ አየር ትራስ ያለውን ሳህን ልግዛ ወይ? ይነቀንቀኛል» ነበር። አሳቀኝ። የእኛ ሰው ወንበር፣ የእሱ ትራስ።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጣው አልኩት። እነሱ ጋ የከባድ መኪና ማደያዎች ላይ የመሪውን፣ የኋላውንና የተጎታቹን ጎማ ለየብቻ የሚመዝን ሚዛን አለ። ሄዶ መዘነ። ሳህኗ ላይ ያረፈው ከ15 በመቶ በታች ነበር። ለካ ከኋላ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ጄኔሬተርና የውሃ ጀሪካን አጭቆበታል። ወደ ፊት አምጣቸው አልኩት። ትራሱን አሁንም ይፈልገዋል፣ ሚስቱ ቀለሙን ወዳዋለች።

ሳህኑን ራሱን ወደ ፊት ማስጠጋት ይቻላል ወይ ለሚሉኝ፦ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ በቀዳዳዎቹ ልክ ይቻላል። የእኛዎቹ አብዛኞቹ በቡሎን የታሰሩ ናቸው፣ ያ የጋራዥ ሥራ ነው። ከማስጠጋታችሁ በፊት የሃይቤዱ የፊት ጥግ ሲታጠፍ ጋቢናውን እንዳይነካ ለኩ፣ የአየር ቱቦዎቹም የት እንደሚያርፉ እዩ። የመሪ ጎማውም ከሚችለው በላይ እንዳይጫንበት ከተጠጋ በኋላ ሚዛን ላይ አውጡት። ሻንሲ ላይ አዲስ ቀዳዳ በእሳት የሚበሳ ባለሙያ አታስጠጉ፣ በመሰርሰሪያ ይሁን።

የሉማሜ መንገድ ምን ይሻለዋል ብላችሁ የጠየቃችሁኝ፣ እሱ ወንበርም ጭነትም አያድነውም። ዝግ በሉ።