የእናቴ የዋንዛ ሳጥን፦ ቫርኒሽ ወይስ ሰም?

ለእናቴ በእጄ የሠራሁት የዋንዛ ሳጥን ሊያልቅ ነው። የቀረው ቅብ መምረጥ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ከባዱ ሥራ ይኸው ነው። ዛሬ መርካቶ ወርጄ ቀለም ሻጮቹን ስጠይቅ «ቫርኒሽ ቀባውና ተገላገል» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ ቫርኒሽ ውሃና ላብ ይችላል። ነገር ግን እንጨቱ ላይ ሽፋን ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ አንዴ መላጥ ከጀመረ ፍቆ እንደገና መቀባት ግድ ይሆናል።

ቤት ገብቼ ከሳጥኑ የተረፈውን ቁራጭ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩና የተልባ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። የዋንዛው ቡናማ መስመር ወዲያው ፈክቶ ወጣ፤ ልቤ እዚያው ቀረ! ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ስስ ስስ አድርጌ ከደራረብኩት በኋላ በንብ ሰም እወለውለዋለሁ። ውስጡን ግን ዘይት አላስነካውም፤ ሽታው እዚያው ታፍኖ የእናቴን ነጠላ ይይዘዋል። ለውስጡ ሰም ብቻ ይበቃል።

ይህን የምትሞክሩ ሁሉ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።