የአባባ ቱንቢ

ጅማ፣ ሐምሌ፣ ቅዳሜ ማታ

ማክሰኞ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ታናሽ ወንድሜ ከጀርመን ደወለ። «እትዬ፣ የጠመንጃው መነጽር መጥቷል። አንቺ እያየሽ ልግጠመው» አለኝ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ የኢላማ ተኩስ ክለብ ከገባ ቆይቷል። እዚያ ለስፖርት ጠመንጃ መግዛት የሚቻለው ቢያንስ አንድ ዓመት በክለቡ አባልነት ከተለማመዱ በኋላ ነው፤ ጠብቆ አገኘ። የቼክ ሥራ ነው፣ ሲዜድ 457 ይሉታል። ምንሽርና ክላሽ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ በጣም ትንሽ ነው፤ ካሊበሩ 22፣ ጥይቱም ሲመታ የሚቀጣጠለው ከቀለሁ ቂጥ መሃል ሳይሆን ከዙሪያው ጠርዝ ነው። ሥራው በ50 ሜትር ላይ ወረቀት መብሳት ነው። የኢላማው 10 ቁጥር ዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። በኦሊምፒክ በዚህ ርቀት መነጽር አይፈቀድም፤ በእነሱ ክለብ ግን ጠመንጃውን አስደግፎ በመነጽር መተኮስም አለ።

እኔ ተኩሼ አላውቅም። ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔ የመሬት ከፍታ ከምንለካበት ከሌቭል መነጽር አይነቀልም። ለዚህ ነው የሚጠይቀኝ፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው መነጽር ያዘንኩት። 24 እጥፍ የሚያጎላ በቅናሽ አገኘሁ ሲለኝ፣ ሳላጣራ «ግዛው» ብዬዋለሁ። ለሩቅ አደን የተሠራ ነበር። በ50 ሜትር ወረቀቱ ደበዘዘበት፤ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ትንሽ ባዛወረ ቁጥር ጥይቱም ቦታ ይቀይራል። «ጠመንጃውን አስደግፈህ ሳትነካው ጭንቅላትህን ብቻ ግራ ቀኝ አድርግ» አልኩት። መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ኢላማው ላይ ወዲያ ወዲህ ሄደ። ፓራላክስ ይሉታል፤ ዓይን ቦታ ሲቀይር መስቀሉም የተንቀሳቀሰ መምሰሉ ነው። እኛም ሌቭል ላይ ዓይናችንን ከፍ ዝቅ አድርገን የምንፈትነው ይህንኑ ነው፤ የመነጽሩ መስመር ከፊት በቆመው መለኪያ ሜትር ላይ ከተንቀሳቀሰ ንባቡ አይታመንም። በወር ደመወዝ የተገዛ ዕቃ ተመልሶ ተሸጠ። አዲሱ የሚያጎላው 12 እጥፍ ብቻ ነው፣ ግን ለቅርብም ለሩቅም በጎኑ ይስተካከላል። ለወረቀት ኢላማ ከማጉላቱ በፊት ይህን እዩ እላለሁ።

ከዚያ መነጽሩን ጠመንጃው ላይ የማሰሪያው ጣጣ መጣ። የእሱ ጠመንጃ ጀርባው ላይ የ11 ሚሊ ሜትር ቦይ ነው ያለው፤ ሱቁ የላከለት ቀለበት ደግሞ ለሰፊው፣ ፒካቲኒ ለሚባለው ሐዲድ የሚሆን። «ትንሽ ካጠበቅኩት ይይዛል» ሲለኝ ተቆጣሁ። ቁጭ ብዬ አሰላሁለት፤ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል፣ አንዱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት በ50 ሜትር ላይ የ5 ሳንቲ ሜትር ስህተት ነው። የሸሚዝ ቁልፉን አምስት ጊዜ ያህል አለፈው ማለት ነው። ዝም አለ። ትክክለኛው ቀለበት እስኪመጣ ሳምንት ጠበቀ።

ማክሰኞ ዕለት መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አሳየኝ፤ የኋላውን ብረት ነቅሎ፣ በአፈሙዙ ውስጥ የአምፖሉ ብርሃን ታየኝ። ማጉሊያውን እስከ መጨረሻ አዞረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳርፎ ከፈተ። ዳሩ ላይ ጥቁር ጥላ አለ ሲል መነጽሩን ወደ ፊት ገፋ። ደግሞ ጨፈነ፣ ደግሞ ከፈተ። ክቡ ሙሉ ሲሆንለት ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ያዛቸው።

«አሁን መስቀሉን እንዴት አቀናለሁ?» አለኝ። መልሱን ያውቀው ነበር መሰለኝ፤ ከሳጥን ውስጥ የአባባን ቱንቢ አወጣ።

አባባ ግንበኛ ነበር። በዚህ ቱንቢ ያቆማቸው ግድግዳዎች ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ዛሬም አሉ። አርባው ሲወጣ ወንድሜ ከዕቃው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ነሐሱ በአንድ ጎኑ የተጎዳ ነው፤ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ድንጋይ ያገኘው ቦታ። ጉዳቱን በስልኩ መስታወት ሳየው ለየሁት።

ከኮሪደሩ ጫፍ በር ጉበን ላይ አንጠለጠለው። ውሃ ልኩን ጠመንጃው ላይ አስቀምጦ አስተካከለና በመነጽሩ ክሩን ተመለከተ። ክሩ ይዞር ነበር። «ቆይ፣ ይርጋ» አልኩት፤ አባባ የሚለው ነው። ሲረጋ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር እስኪገጥም በጣቱ ፈቀቅ አደረገው። ብሎኖቹን በተራ፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ፣ ሩብ ሩብ እያዞረ አሰረ፤ የቀለበቱ ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑን ቀረብ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ እኛ ጋ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ።

ዛሬ ከተኩስ ቦታው ጻፈልኝ። የመጀመሪያዎቹ 5 ጥይቶች ከመሃሉ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ አርፈዋል። የመነጽሩ ማስተካከያ ቀጭ እያለ ሲዞር በአንድ ቀጭታ የሚቀይረው ሩብ የማዕዘን ደቂቃ ነው፣ ደቂቃውም የዲግሪ አንድ ስድሳኛ፤ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «22 ወደ ላይ፣ 11 ወደ ቀኝ» ብዬ መለስኩለት።

ወንድሜ ግን መጀመሪያ 22ቱን ብቻ አዙሮ ሌላ 5 ተኮሰ። ፎቶ ላከልኝ። ወረቀቱን ቦታው ላይ እንዳለ ቱንቢውን ከላይ አንጠልጥሎበታል፤ ክሩ በላይኞቹ ቀዳዳዎች መሃል አልፎ በታችኞቹ መሃል ይወርዳል። 11ዱን ወደ ቀኝ ያዞረው ከዚያ በኋላ ነው።